«ሉፕ ይግባላት»

«ማህፀኔን ነገ ሊያወጡት ነው ብዬ ለወንድሜ እንዴት ልንገረው? አንተ ወንድ ነህ፣ አንተ ንገረው።»

የሞተር ሽቦ ጠምጣሚው ወንድሟ በሩን ሊያንኳኳ ያነሳው እጁ አየር ላይ ቀረ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ያልተላከበትን ወሬ ይዞለት መጣና ክው አደረገው። ከበሩ ወዲያ የእህቱ ባል ጉሮሮውን ሲጠርግ ተሰማ። የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ስልሳ ሰው ጭኖ በገደል አፋፍ ሲነዳ የማይፈራ፣ ቤት ውስጥ ግን ከበድ ያለ ቃል ከፊቱ ሲመጣበት መንገድ ለቆ የሚቆም ሰው። «ሆድ ነው ብለነው የለ?» አለ ቀስ ብሎ። «ሆድ እንደሆነ ይቅር። ማህፀንስ ቢሆን ያው ሆድ ውስጥ አይደለም?»

ሁለት ዓመት ሙሉ ሆድ ነበር። እህቱ ከሥራ ስትቀር ሆዷ ነው፤ ግድግዳ ይዛ ስትራመድ ሆዷ ነው፤ ከንፈሯ እንደ ወረቀት ሲነጣ ሆዷ ነው። እሱም የጨጓራ ነገር አድርጎት በየሳምንቱ ሁለት ሊትር ወተት ይዞላት ይመጣ ነበር። «ለጨጓራ ፍቱን ነው» እያለ ብርጭቆው ባዶ እስኪሆን አጠገቧ ቆሞ ይጠብቃል፤ እሷም፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ወተት የማትወድ ሴት፣ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ትጠጣለታለች። አሁን ደጃፉ ላይ ቆሞ ያ ሁሉ ወተት ወደ ገዛ ጉሮሮው የተመለሰ መሰለው። ሆን ብሎ ጮክ አድርጎ አሳለና አንኳኳ።

«ግባ፣ ክፍት ነው» አለች እህቱ፣ ድምጿን እንደ ክፍል ውስጥ ድምጿ አስተካክላ። የሒሳብ አስተማሪ ናት። እሱ እታለም ነው የሚላት። እናታቸው ስትሞት እሱ ስድስት ዓመቱ ነበር፣ እሷ አሥራ አራት፤ ከዚያ ወዲህ የጫማ ማሰሪያ ማሰር ያስለመደችውም፣ የማባዛት ሠንጠረዥን በማስመሪያ መዳፉ ላይ እየቆጠረች ያስጠናችውም እሷ ናት። ዛሬ ሆስፒታል የምትተኛበት ቀን ነው፤ እሱ ደግሞ ደም ሊሰጥላት ከሥራ ፈቃድ ወስዶ መጥቷል። እስከዚህ ድረስ ያለውን ያውቃል። የማያውቀውን አሁን በር ላይ ሰማው፣ የሰማውን ደግሞ እንዳልሰማ መሆን አለበት።

ሲገባ ዐይኑ ቤቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ይመስል ይዞር ጀመር። እሷ ሁልጊዜ በምትቀመጥበት ወንበር ላይ ጥቁር ጨርቅ የለበሰ ትራስ አለ፤ የቀሩት ሦስት ወንበሮች ትራስ የላቸውም። በመኝታ ቤቱ በር በኩል አልጋው ይታያል፤ ከአንሶላው ጫፍ ሥር ወፍራም ላስቲክ ወጣ ብሎ ያብለጨልጫል፣ ሽንቱን ያልተቆጣጠረ ሕፃን የሚተኛበት ይመስል። በዚያ ቤት ግን ያለችው ልጅ አንዲት ናት፣ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በሩ ጀርባ አራት ቀሚሶች ተሰቅለዋል፤ አራቱም ጥቁር። ተማሪዎቿ «ሐዘንተኛዋ ቲቸር» ብለው ስም እንዳወጡላት ራሷ እየሳቀች ነግራው ነበር፤ አብሯት ስቋል። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ጥቁር ቀለም የምትወድ ነበር የሚመስለው። አንድ ሰው ዕቃ ሳይደብቅ፣ ሁሉን በየቦታው አስቀምጦ፣ ሌላው ሰው ሁለት ዓመት እየተመላለሰ ሊያየው አለመቻሉ እንዴት ያለ ነገር ነው።

«ና እስቲ፣ ቁመትህ ለአንድ ነገር እንኳ ይጥቀም» አለችው። «ያንን ካርቶን አውርድልኝ።»

ቁምሳጥኑ አናት ላይ በገመድ የታሰረ ካርቶን አለ። በጎኑ በእሷ ጥርት ያለ የእጅ ጽሑፍ «ከ0 እስከ 12 ወር» ይላል። አወረደው። ከክብደቱ ይልቅ ቅለቱ አስደነገጠው።

«ያ ፊውዝ የምትሉት ጓደኛህ ሚስቱ ደርሳለች አላልከኝም? በመንገዳችን አድርስለት። ንጹሕ ነው፣ ባለፈው ወር ድጋሚ አጥቤዋለሁ።»

«እታለም፣ ሌላ ቀን አይደርስም?»

«ቦታ ይዞብኛል።»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያልያዘው ቦታ ዛሬ ያዘ። ሹፌሩ በመስኮት በኩል ምንም የሌለበትን ግቢ አተኩሮ ያያል። ጠምጣሚው ገመዱን ጠበቅ አድርጎ አሰረና «እሺ» አለ።

ታክሲው ጠምጣሚው የሚሠራበት ወርክሾፕ በር ላይ ለሁለት ደቂቃ ቆመላቸው። እሷ የኋላ ወንበር ላይ ከሥሯ የታጠፈ ፎጣ አንጥፋ ተቀምጣለች፣ ከመኪናው አልወረደችም። ወርክሾፑ የተቃጠለ የውኃ ፓምፕና የወፍጮ ሞተር የሚመጣበት ነው፤ የከሰለውን ሽቦ አውጥተው አዲስ ይጠመጥሙለታል። ፊውዝ ቶሎ ስለሚነድና ነድዶም ወዲያው ስለሚጠፋ ነው ስሙ የወጣለት። ካርቶኑን ተቀብሎ ጽሑፉን አነበበና ጥርሱ እስኪታይ ሳቀ። «ይሄ ልጅ ሳይወለድ ከአባቱ የበለጠ ልብስ አለው» አለ። ከዚያ ከኪሱ ጣት የምታህል ቁራጭ ሽቦ አወጣ። «አዲሱ ነጋዴ ያመጣው ናሙና ነው፤ ንጹሕ ኮፐር ነው ብሎ ይምላል። በደህና ጊዜ ፍቀህ ንገረኝ።»

ይህ የሥራቸው ሕግ ነው። ገበያ ላይ ኮፐር ተብሎ የሚሸጠው ሽቦ ሁሉ ኮፐር አይደለም፤ አሉሚኒየሙን ቀይ ቀለም ቀብተው፣ ጥቅሉ ላይ ያው ኮፐር ብለው ጽፈው ይሸጡታል። ቀለሙም ጽሑፉም አንድ ነው። ልዩነቱ የሚታወቀው በምላጭ ሲፋቅ ብቻ ነው፤ ከሥሩ ከቀላ መዳብ፣ ከነጣ አሉሚኒየም። ስለዚህ ጠምጣሚ በኪሱ ምላጭ ይይዛል፣ ሳይፍቅ አይገዛም፣ ሳይፍቅ አይጠመጥምም። ሽቦዋን ከምላጩ ጋር ደረት ኪሱ ውስጥ ከተታት።

ሆስፒታሉ መግቢያ ላይ እታለም ወረቀቶቿ ያሉበትን የፕላስቲክ ማኅደር ሰጠችው። «የደሙ ማዘዣ ከላይ ያለው ነው» አለች። ከዚያ ወንድሟን ላለማየት ፊቷን ወደ ባሏ አዙራ፣ «ሌላውን አትመልከት።»

ደም የሚሰጥበት ክፍል በሁለተኛው ፎቅ ኮሪደር መጨረሻ ላይ ነው፤ ሁለት ተንጋላይ ወንበሮች፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የሚንዘፈዘፍ ማቀዝቀዣ። የማቀዝቀዣው ሞተር ማለቂያው እንደደረሰ ጠምጣሚው ገና ከበሩ በድምፁ አወቀ። ሥራውን የያዙት ወፍራም መነጽር ያደረጉ ትልቅ ሴት ናቸው፤ ሁሉም ሲስተር ይላቸዋል።

«ለማን ነው?»

«ለእህቴ።»

«ምኗን ነው?»

«ሆዷን» አለ፤ ምላሱ ልማዱን አልተወም።

ሲስተር ማዘዣውን አነበቡና በመነጽራቸው አናት አሻግረው አዩት። «እዚህ የተጻፈው የወር አበባ ብዛት ነው፣ ልጄ። የደሟ መጠን ስድስት ነው ይላል፤ አሥራ ሁለት መሆን ነበረበት። ግማሿ የለም ማለት ነው። ሆድ ይለኛል ደግሞ።»

ጠምጣሚው ስህተቱ ሰሌዳ ላይ እንደተጻፈበት ተማሪ አንገቱን ደፋ። መርፌው ሲገባ አልተሰማውም። ከረጢቱ ቀስ እያለ ሲሞላ ሲስተር በጣታቸው መታ መታ እያደረጉት ወሬያቸውን ቀጠሉ። ለሃያ ዓመት አዋላጅ ነበሩ፤ ወገባቸው እንቢ ሲላቸው ነው ወደዚህ የተዛወሩት። «ጤነኛ ሴት በወር የሚፈሳት ግፋ ቢል አራት የሾርባ ማንኪያ ነው» አሉ። «የእህትህ፣ እዚህ እንደተጻፈው ከሆነ፣ የዚህን ከረጢት ግማሽ ያህላል። በየወሩ። አንተ ከዚህ ስትነሣ ሻይና ብስኩት እንሰጥሃለን፣ ዛሬ ከባድ ነገር አታንሣ እንልሃለን። እሷን ማን ምን አላት?»

ወተት ጠጪ አልኳት፣ ሊል ነበር።

«የሚገርመኝ» አሉ ሲስተር ወረቀቱን እንደገና አይተው፣ «ሆርሞኑ እንቢ ማለቱ ነው። መጀመሪያ ክኒን ሞክራለች። ክኒኑን በወር መጨረሻ ለጥቂት ቀን ብቻ ከወሰዱት እምብዛም አይረዳም፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ የሚወሰደው ይሻላል፣ እሱንም ብዙዎቹ ሰውነታቸው አልስማማ ሲል ይተውታል። ከዚያ ግን ማህፀኗ ውስጥ ሉፕ ገብቶላታል። ሆርሞን ያለው ሉፕ ለዚህ ነገር ከክኒኑ ሁሉ ይበልጣል፣ ልጄ። ስንቱን በዚህ እጄ አስገብቻለሁ። መጀመሪያ ሦስት አራት ወር ጠብ ጠብ እያለ ያስመርራል፤ ስድስት ወር ሲሞላው ከአሥሩ ስምንት ዘጠኙ ሊያመሰግኑኝ ይመለሱ ነበር። የእሷ ስምንት ወር ሆኖት ጭራሽ ብሶባታል። አንዳንዱ ሰው ዕድል የለውም።»

መርፌውን ነቅለው፣ ሻይ በላስቲክ ኩባያ ሰጥተውት ወደ ሌላው ሰው ዞሩ። ማኅደሩ ጭኑ ላይ ነበር። ሌላውን አትመልከት ብላዋለች። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ እታለም አትመልከት ያለችውን ተመልክቶ አያውቅም። ከወረቀቶቹ መካከል ግን አንዲት ትንሽ ካርድ ተንሸራታ ወለሉ ላይ ወደቀች፤ ጎንበስ ብሎ ሲያነሳት የማያነባት እንዴት አድርጎ ነው? በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በችኮላ ተጽፏል፦ «ሉፕ። ኮፐር ቲ። የሚወጣበት ጊዜ፦ ከ12 ዓመት በኋላ።»

ኮፐር። በየቀኑ ከጥቅል ሽቦ ላይ የሚያነበው ቃል ነው። እንደ ሰው ስም ከማያውቀው ሰፈር ድንገት የጠራው መሰለው።

«ሲስተር» አለ፣ «ሆርሞን ከኮፐር ነው የሚሠራው?»

«ኮፐር ደግሞ ከየት መጣ?» ብለው እየሳቁ ካርዱን ተቀበሉት። ሳቃቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ቀረ፤ ከሥሩ ያለው ፊት ግን ተለወጠ። ካርዱን ወደ መስኮቱ ወስደው፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው በባዶ ዐይን አነበቡት። «ይሄ የሆርሞኑ አይደለም» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ይሄ ባለ መዳቡ ነው። እርግዝና ይከላከላል፤ ለዚያ ለዚያ ደህና ነው። ደም ግን አይቀንስም። ያበዛል እንጂ።»

«ያበዛል?»

«ደም የሚበዛባት ሴትማ አይገባላትም። እሳት ላይ ጭድ ነው።» ማኅደሩን ወስደው ገጽ በገጽ ገለጡት። «እነሆ፣ የመጀመሪያው ሐኪም ‹ሉፕ ይግባላት› ነው ያለው። ሁለቱንም ሉፕ ነው የምንላቸው፤ እኔም ራሴ ሉፕ ብዬ ነው የምጠራቸው። ወደዚህ የላካት ደግሞ ‹ሉፕ ገብቶላት አልተሻላትም› ብሎ ጻፈ። አልትራሳውንዱ ‹ሉፑ በቦታው አለ› ይላል። አለ! በቦታው ነው። የትኛው ነው ብሎ የጠየቀ ግን የለም።»

ማንም አልፋቀውም፣ አለ ጠምጣሚው በልቡ። ግንባሩን ላብ አጠመቀው፤ ደም በመስጠቱ ይሁን በሌላ አላወቀም። ነገ ማህፀኗን የሚያወጣውን ሐኪም አሁኑኑ ልንገረው ብሎ ተነሣ። ሲስተር በትከሻው መልሰው አስቀመጡት። «ቀዶ ጥገና ክፍል ነው ያለው፤ ለዙር የሚወጣው ዘጠኝ ሰዓት ነው። ደግሞ ካርድ ተሳስቶ ተጽፎ ይሆናል ብሎ ቢመልስህስ? ያስገቡበት ጤና ጣቢያ ሂድና ከመዝገባቸው አስጽፈህ አምጣ። ሻይህን ጨርሰህ ሂድ። ሩጠህ መንገድ ላይ ብትወድቅብኝ አንተን ደግሞ ለማን እሰጣለሁ?»

ጤና ጣቢያው ሁለት የአውቶቡስ ፌርማታ ራቅ ብሎ ነው። የቤተሰብ ምጣኔው ክፍል ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ላይ አሥራ አንድ ሴቶች ተቀምጠዋል፤ እሱ አሥራ ሁለተኛ ሆኖ ጫፉ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ አንዷ፣ «ወንድሜ፣ ተራህ ሲደርስ ለአንተ የት ሊያስገቡልህ ነው?» አለችው፤ አግዳሚው በሙሉ በሳቅ ተናጠ። እሱም ሳይወድ ሳቀ። «ከእህቴ መዝገብ ላስጽፍ ነው፣ ነገ ጠዋት ቀዶ ጥገና አለባት» ሲል ሳቁ እንደ ተነቀለ መብራት ጠፋ፤ ጠያቂዋ ራሷ ተነሥታ በሩን አንኳኩታ አስገባችው።

ክፍሉ ትንሽ ነው፤ አንድ የምርመራ አልጋ፣ አንድ መብራት፣ በሩ የተከፈተ የብረት ቁምሳጥን። የላይኛው መደርደሪያ ላይ ነጫጭ እሽጎች እንደ መጽሐፍ ተደርድረዋል። ባለሙያዋ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። መዝገቡን ወደ ኋላ ስምንት ወር ገለጠች፣ በጣቷ እየተከተለች አገኘችው። «እህ፣ እዚህ አለች። ሠላሳ ስድስት ዓመት፣ አስተማሪ፣ አንድ ልጅ። ሉፕ። ኮፐር ቲ። ትክክል ነው።»

«የታዘዘላት የሆርሞኑ ነበር።»

«ወረቀቱ ሉፕ ነው ያለው፣ ሉፕ አስገባሁ። እዚህ ቤት ሉፕ ማለት ይሄ ነው።» ከእሽጎቹ አንዱን አንሥታ አሳየችው። ግልጽ በሆነው ላስቲክ ውስጥ ነጭ ቲ ቅርጽ አለ፤ ግንዱ ላይ ሽቦ ተጠምጥሞበታል። ቀይ፣ ቀጭን፣ ዙሩ ከዙሩ ሳይደራረብ ጥንቅቅ ብሎ የተጠመጠመ። ጠምጣሚው የገዛ ሥራውን በማያውቀው ቦታ አየው። «የሆርሞኑ እኛ ጋ ኖሮ አያውቅም» አለች ልጅቷ። «ከትልልቅ ፋርማሲ ነው የሚገዛው፣ የእኔን የሁለት ወር ደመወዝ ያህል ነው። ይሄ ግን ነጻ ነው። ትዝ ትለኛለች፤ ‹ስንት ነው?› አለችኝ፣ ‹ነጻ ነው› አልኳት፣ ደስ አላት።»

«ለምን እንደመጣች አልጠየቅሻትም?»

«እዚህ የሚመጣው ሰው ሁሉ የሚመጣው ለአንድ ነገር ነው።» ያለችው ነገር ቀስ ብሎ ወደ ራሷ ጆሮ ሲመለስ ከፊቷ ላይ ታየው። «ለምንድን ነበር የመጣችው?» አለች።

«ደም በዝቶባት።»

ልጅቷ አፏን በመዳፏ ያዘች። ጠምጣሚው ሲመጣ መንገድ ላይ ብዙ ነገር አዘጋጅቶ ነበር፤ ጩኸትም ነበረበት፣ ስድብም። አሁን ግን ትዝ ያለው ያ የመስኖ ፓምፕ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ጥድፊያ በነበረበት ሰሞን፣ ጥቅሉ ላይ ኮፐር የሚለውን አንብቦ ሳይፍቅ የጠመጠመው። በሦስተኛው ቀን ተቃጥሎ ሲመለስ ባለቤቱን «ሞተሩ አርጅቷል፣ ጣለው» ነበር ያለው። ሰውየውም አምኖት ጣለው። «ያስገባሽላትን ጻፊልኝ» ብቻ አላት። ልጅቷ ጽፋ፣ ማኅተም አድርጋ፣ «ስንት ሰዓት ነው የምትገባው?» አለች። «ነገ ሁለት ሰዓት» አላት። ወረቀቱን ስትሰጠው ለመልቀቅ ዘገየች። «ሌሎችም ይኖሩ ይሆን?» አለች፣ እሱን ሳይሆን መዝገቡን እያየች።

ወደ ሆስፒታሉ ሲመለስ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ነው። እታለም ስድስት አልጋ ባለበት ክፍል መስኮቱ ሥር ተኝታለች፤ ከራሷ በላይ የደም ከረጢት ተሰቅሏል፣ የእሱ ይሁን የሌላ ሰው አይታወቅም። ባሏ ብርቱካን ይልጣል። ሦስት ብርቱካን ልጦ ደርድሯል፣ የበላ ግን የለም።

«ራስህን አላዞረህም?» አለችው።

«አላዞረኝም።»

ቀጥሎ የመጣው ዝምታ የሦስቱም የድሮ ንብረት ነው፤ እያንዳንዳቸው ቦታቸውን ያውቁበታል። ሹፌሩ ልጣጩን በወረቀት ጠቀለለ። እታለም የብርድ ልብሱን ጫፍ አስተካከለች። ጠምጣሚው ካርዱን አውጥቶ ደረቷ ላይ አስቀመጠው።

«ሌላውን አትመልከት አላልኩህም?»

«ተመለከትኩ። ይሄ ምን ይላል፣ እታለም?»

እስከ ጆሮዋ ጫፍ ቀላች፤ የቀረላት ደም ሁሉ ወደዚያ የሄደ ይመስላል። «ኮፐር ቲ» አለች ወደ ግድግዳው ዞራ። «የሠራው ፋብሪካ ስም ነው።»

«የፋብሪካ ስም አይደለም።» ከደረት ኪሱ የፊውዝን ሽቦና ምላጩን አወጣ። በነጩ አንሶላ ላይ ሽቦዋን ይዞ ሁለት ጊዜ ፋቃት፤ ከሥሯ ቀላች። «ይሄ ነው። መዳብ። ሆርሞን የለበትም። ደም ያበዛል እንጂ አይቀንስም። ከመዝገባቸው አስጽፌ መጥቻለሁ።»

ሹፌሩ ከወንበሩ ተነሣ፤ ብርቱካኖቹ ወለሉ ላይ ተንከባለሉ። «መዳብ?» አለ። «ሆዷ ውስጥ?»

«ማህፀኗ ውስጥ» አለ ጠምጣሚው።

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። ማንም አልሞተም። የጎረቤት አልጋዋ ሴትዮ እንኳ ቀና አላለችም። እታለም ሽቦዋን አንሥታ ለረጅም ጊዜ አገላበጠቻት። የተማሪ ደብተር ስታርም እንዲህ ናት፤ መልሱ የተሳሳተ እንደሆነ ካወቀች በኋላ ስህተቱ የቱ መስመር ላይ እንደጀመረ እስክታገኝ ወደ ኋላ ትሄዳለች። «ስምንት ወር» አለች በመጨረሻ። «እኔ እኮ እንቢ ያለው ሰውነቴ መስሎኝ ነበር። ‹ለሰው ሁሉ የሚሠራ መድኃኒት ለአንቺ ምን ሆነሽ ነው የማይሠራልሽ?› እያልኩ የገዛ ገላዬን ስሰድብ ነው የከረምኩት።»

ሐኪሙ የቀዶ ጥገና ቆቡን ሳያወልቅ መጣ። ደክሞታል፤ የመጀመሪያውን ቃል ሲሰማ «አሁን ምን መጣ?» የሚል ፊት ነበረው። ካርዱን አነበበ፣ ማኅተም ያለበትን ወረቀት አነበበ፣ አልትራሳውንዱን አውጥቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘው፣ መልሶ ካርዱን አነበበ። ከዚያ፣ እዚያ ክፍል ያሉ በሽተኞች አይተውት የማያውቁትን አደረገ፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ሉፕ ነው የተባልኩት» አለ። ለሰው ሳይሆን ለራሱ የተናገረ ይመስላል። ቆይቶ፣ «የነገው ይቅር። ይሄን ዛሬውኑ አወጣልሻለሁ። ደሙ ይሰጥሽ፣ የብረት ክኒን ትጀምሪያለሽ። ከዚያ ባለ ሆርሞኑን እናስገባና ስድስት ወር እንጠብቃለን። ለብዙዎቹ በደንብ ይሠራል፣ መውለድ ሲያምርሽም ይወጣል። ለአንቺ ይሠራል ብዬ ግን አልምልልሽም።»

«ከአሥሩ ለስንቱ?» አለች እታለም።

«ለስምንት፣ ለዘጠኙ ያህል።»

«እንግዲያው እኔ ገና አልተፈተንኩም።» ቀና ብላ የተሰቀለውን የደም ከረጢት አየች። «አንድ ነገር ልጠይቅ። ነገ ማህፀኔን ካወጣችሁት በኋላ፣ ስህተቱን ታውቁት ነበር?»

ሐኪሙ የአልጋውን ብረት ተመለከተ። «አብሮ ይወጣ ነበር» አለ። «ያኔ ያየው ሰው… ምናልባት።»

«ምናልባት» አለች። ሐኪሙ «ይቅርታ» ብሎ ተነሣ። እሱ ከወጣ በኋላ እጇን ወደ ባሏ ዘረጋች። ሹፌሩ ያንን እጅ ያዘ፤ ያዘና ሰው እያየው ማልቀስ ጀመረ። በገደል አፋፍ የሚነዳው ሰውዬ።

ጠምጣሚው ምላጩን አጣጥፎ ሊወጣ ሲል ጠራችው። «ፊውዝ ካርቶኑን ወደ ቤቱ ወስዶት ይሆን?»

«ከሥራ ሲወጣ ነው የሚወስደው። አሁን እዚያው ነው።»

«የሰጡትን መልሶ መቀበል ነውር ነው» አለች።

«ነውር ነው» አላት። ይህንንም በማስመሪያ ያስተማረችው እሷ ናት።

«ሂድና አምጣው።»

ወርክሾፑ ሊዘጋ ነው። ፊውዝ ካርቶኑን ቫርኒሽ እንዳይነካው ከፍ ካለው መደርደሪያ ላይ፣ ጋዜጣ ዘርግቶ አስቀምጦታል። ከኋላ ሦስት ሠራተኞች እጃቸውን ይታጠባሉ። «ካርቶኑን መልስልኝ» ሲለው ቀልድ መሰለው፤ ቀልድ አለመሆኑን ሲያውቅ እንደ ስሙ ነደደ። «የሰጠኸኝን? ጠዋት ሰጥተኸኝ? ሚስቴን በስልክ ነግሬያት፣ አልቅሳ መርቃችሁ? ምን አጠፋሁ? ሰው እንዲህ ይደረጋል እንዴ?»

እጃቸውን የሚታጠቡት ሰዎች ውኃውን ዘጉ። ጠምጣሚው አፉን ከፈተ። ሆዷ የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፤ ሁለት ዓመት ያገለገለ፣ የማያሳፍር፣ ማንም ወንድ ከዚያ በላይ የማይጠይቀው ቃል።

«የእህቴ ማህፀን ነገ ሊወጣ ነበር» አለ። «አይወጣም።»

ፊውዝ ነደደ፤ እንደ ልማዱ ጠፋ። እጁን ሱሪው ላይ ሁለት ጊዜ ጠረገና፣ እንዳያቆሽሸው በገመዱ ብቻ ይዞ ካርቶኑን አወረደለት። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ ብሎት አፈረ። ከሸሚዙ ኪስ ጡጫ የማታክል ነጭ ኮፍያ አወጣ። «ይቺን ለሚስቴ ላሳያት ይዣት ነበር» አለ። «በል፣ እሷንም ጨምራት።»

ጠምጣሚው ኮፍያዋን ተቀበላት። መዳፉ ላይ ምንም አትከብድም። አገላበጣትና መልሶ ፊውዝ ኪስ ውስጥ ከተታት።

«ያዛት» አለው። «የአንተ ነው ቀድሞ የሚመጣው።»